ያልተሳለው ጀልባ፦ ከቲታኒክ ሥዕል እስከ ኦቦክ ዳርቻ

ቪሊ ሽቶቨር ቲታኒክ ስትሰጥም አላየም። ጀርመን አገር ተቀምጦ በ1904 ዓ.ም. «ዲ ጋርተንላውበ» ለሚባል የቤተሰብ መጽሔት የሳላት ሥዕል ግን፣ መቶ ዓመት አልፎም ስለ መርከቧ ስናስብ ፊታችን ላይ የምትደቀነው ናት። መርከቧ በአፍንጫዋ ተደፍታለች፤ ኋላዋ ወደ ሰማይ ተነሥቷል። ከፊት በሰው የተጨናነቁ የነፍስ አድን ጀልባዎች፣ ከኋላ የበረዶ ተራሮች ይታያሉ። ጭሱም ከጭስ ማውጫዎቹ ይትጎለጎላል፣ ከአራተኛው ሳይቀር። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። አራተኛው ለአየር ማናፈሻና ለግርማ ሞገስ የተተከለ እንጂ የምድጃ ጭስ የሚወጣበት አልነበረም። ሽቶቨር መርከቧን ከነሙሉ አካሏ ነው ያሰጠማት፤ ነሐሴ 26 ቀን 1977 ዓ.ም. ከባሕሩ ወለል ላይ ስትገኝ ግን ለሁለት ተሰብራ ነበር።

ያላየውን እንዲህ ደፍሮ እንዲስል ያስቻለው ምን ይሆን? የአንዱ መርከብ መስጠም በየመጽሔቱ ሽፋን ሲሳል፣ የሌላው በዜናው ማብቂያ ላይ በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚታለፈውስ ስለምን ነው? ጥያቄው ሥራ የፈታ ሰው ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ከሚሴ ተቀምጦ ለሚጠይቀው ግን ሌላ ክብደት አለው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጨፋ መስክና ከቦርከና ወንዝ አጠገብ ያለች የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ባሕር በዐይኑ ያላየ ሽማግሌ ሞልቷታል፤ «በባሕር ሄደ» ሲባል ግን የት ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጀመሪያ ጅቡቲ፣ ከዚያ የመን፣ ከተሳካ ደግሞ ሳዑዲ ነው። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሥዕላዊ ጋዜጦች አደጋን የሚስሉበት አሠራር በአውሮፓ የቆየ ነው። የሙያው አንጋፋ «ዘ ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» በ1834 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው። ቴሌግራም ይመጣል፤ ባለ መርከቡ ኩባንያ ፕላኑን ያቀርባል፤ ወደብ ላይ የተነሣ ፎቶ ይገኛል፤ የተረፈው ሰው ከመርከብ ሲወርድ ጋዜጠኛ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሠዓሊው ይህን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያጋጥማል፤ ማዕበሉንና ሰማዩን ከራሱ ይጨምራል። ጣሊያናዊው አኪሌ ቤልትራሜ «ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪዬሬ» ለሚባለው ሳምንታዊ ከአርባ ዓመት በላይ ሽፋን የሳለው በዚህ መንገድ ነው። የፋሺስት ወረራ ጊዜ እኛንም ስሎናል፣ የሮማ መንግሥት እንድንታይ በፈለገው መልክ። የፈረንሳዩ «ለ ፔቲ ዡርናል»ም በዓድዋ ዘመን አጤ ምኒልክን በባለ ቀለም ሽፋኑ ላይ አውጥቷቸዋል። ሳያዩ መሳል ለእኛም እንግዳ አይደለም። ባሕር ረግጠው የማያውቁ የደጋ ሠዓሊዎች ፈርዖንንና ፈረሰኞቹን ከነዓሣው ከነማዕበሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሲያሰጥሙ ኖረዋል። ስለዚህ ሠዓሊው ስፍራው ላይ አለመኖሩ ሥዕልን አያስቀርም።

ሥዕልን የሚያስቀረው የወረቀት መጥፋት ይመስለኛል። ቲታኒክ ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ.ም. ስትሰጥም 1,500 ያህል ሰው ሞተ። የመጀመሪያው ዜና ውሸት ነበር፤ የኒው ዮርኩ «ኢቭኒንግ ሰን» ሁሉም ተርፈዋል ብሎ በትልቁ አተመ። ውሸቱ ግን ቀናት አልቆየም፤ ምክንያቱም ኩባንያው የመንገደኞች ስም ዝርዝር ነበረው። ዝርዝሩ ኒው ዮርክና ሳውዝሃምፕተን ባሉት ቢሮዎች ተለጠፈ። ሳውዝሃምፕተን አብዛኛው የመርከቧ ሠራተኛ የተቀጠረባት ከተማ ስለነበረች ከ500 በላይ ሰው አጥታለች፤ እናቶችና ሚስቶች ከቢሮው ደጅ ሳይለዩ ስም ሲለጠፍና ሲፋቅ ይጠብቁ ነበር። ስለ መርከቧ የተሠራው ፊልም ጌጣጌጥ የሚያስረሳን አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ቲታኒክ የስደተኛ መርከብም ነበረች። በሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈሩት ከ700 በላይ ሰዎች አብዛኞቹ አሜሪካ ሥራ ፍለጋ የሚሄዱ ነበሩ፤ ከሶርያና ከሊባኖስ መንደሮች የመጡም ነበሩባቸው። የእነዚህ ስም በእንግሊዝ ጸሐፊ እጅ እየተጣመመ፣ አባት ከልጅ እየተቀላቀለ ነው የተጻፈው። የተጣመመውን ዘመዶቻቸው ኋላ አቃንተውታል። ያልተጻፈ ቢሆን ግን የሚቃና ነገር አይኖርም ነበር።

አትላንቲክ ሩቅ ነው የሚል ካለ ወደ ሰፈራችን ውኃ እንቅረብ። ግንቦት 8 ቀን 1924 ዓ.ም. ሌሊት «ዦርዥ ፊሊፓር» የሚባል አዲስ የፈረንሳይ መንገደኛ መርከብ በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ከጓርዳፉይ ራስ አጠገብ በእሳት ተያያዘ። ከዮኮሃማ የመጀመሪያ የደርሶ መልስ ጉዞውን ሊጨርስ ወደ ማርሴይ እየተመለሰ ነበር። እሳቱ ከአንዲት መንገደኛ ክፍል አካባቢ ተነሣ፤ የተጠረጠረውም የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። 54 ሰው ሞተ። ብዙዎቹን ያዳነው «ሶቬትስካያ ኔፍት» የሚባል የሶቭየት ነዳጅ ጫኝ ነው፤ 420 ሰው ከውኃና ከእሳት አወጣ። ሁለት የእንግሊዝ ጭነት መርከቦችም ቀሪዎቹን አነሡ። ዜናው በፈረንሳይ ጋዜጦች ለሳምንታት አልበረደም፤ ከሞቱት አንዱ ዝነኛው ጋዜጠኛ አልበር ሎንድር ነበርና። ሎንድር ከአደጋው በፊት ባለው ዓመት በቀይ ባሕርና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ስለሚጠልቁ የዕንቁ አውጪዎች መከራ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ በፈረንሳይ ትልቁ የጋዜጠኝነት ሽልማት ላይ አለ።

በዚያው ባሕረ ሰላጤ፣ በዚያው የሞንሱን ነፋስ ላይ ዛሬ የእኛ ልጆች ይሻገራሉ።

ከዚያ በፊት ስለ አንድ ሌላ አደጋ ልናገር፤ መርከብ አይደለም፣ ባሕር ግን ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ውኃ ላይ ወደቀ። ከ175ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ ሞቱ። አውሮፕላኑ ክንፉ ውኃ ነክቶ ሲገለባበጥ የሚያሳየውን ቪዲዮ ያላየ የለም። የቀረጸችው ለጫጉላ ሽርሽር የመጣች፣ በባሕሩ ዳር ሆቴል ያረፈች አገር ጎብኚ ናት። ኢትዮጵያዊ በባሕር ላይ ሲሞት ዓለም በዐይኑ ያየው በዚያ ቀን ነው ብል ብዙ አልሳሳትም፤ ያየውም ሀብታም የሚዝናናበት ዳርቻ ላይ ስለሆነ ነው። ከሟቾቹ መካከል ኬንያዊው ባለ ካሜራ መሐመድ አሚን ነበረበት። ይህ ሰው ለወሎ ባዳ አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከቆረም የረኃቡን ሥዕል ቀርጾ ለዓለም ያደረሰው እሱ ነው። የእኛን ረኃብ ዓለም ማየት የጀመረው ሕዝቡ መሞት ሲጀምር ሳይሆን አሚን ካሜራውን ይዞ ሲደርስ ነበር። ያንን ያየ ትውልድ የወለዳቸው ልጆች ናቸው አሁን ጀልባ ላይ ያሉት።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከከሚሴ፣ ከዳዋ ጨፋ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋ የሚነሣው ልጅ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ባቲ ይወጣል። ባቲ የሰኞ ገበያዋ ኦሮሞውን፣ አማራውንና አፋሩን ለዘመናት ያገናኘ ነው፤ ደላላም ገበያ ያውቃል። ከባቲ ወደ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ጋላፊ፤ ድንበሩን ካለፈ በኋላ በአሳል ሐይቅ አካባቢ ያለውን የጨውና የድንጋይ ምድር በእግሩ ይቆርጣል፤ ታጁራን አልፎ ኦቦክ ይደርሳል። የጥም ሞት የሚጀምረው እዚህ ላይ፣ ገና ባሕሩ ሳይደረስ ነው። ኦቦክ አቅራቢያ ፋንታሔሮ በሚባል ስፍራ ግራር ሥር ተራ ይጠበቃል። ከማዶ የመን አለች፤ ባብ ኤል መንደብ በጠበበበት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀልባው ለዓሣ ማጥመጃ የተሠራ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ የተንጠለጠለ ነው፤ ጉዞው ሌሊት ነው። ስም የለውም። ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት፣ አይ ኦ ኤም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የተሻገሩት ከ138,000 በላይ መሆናቸውን መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ወሎና ይህ ዞን ከዋነኞቹ መነሻዎች ተርታ ከተሰለፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የመሬት መጣበብ፣ የሥራ መጥፋት፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው የተደጋገመው ግጭት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳዑዲ ደርሶ በላከው ብር ቆርቆሮ ቤት የሠራው የጎረቤት ልጅ።

አደጋዎቹን ተራ በተራ ማንበብ ያሰለቻል፤ እኔንም አሰልችቶኛል፤ ችግሩም ይኸው መሰልቸቱ ነው። ነሐሴ 3 ቀን 2009 ዓ.ም. በየመን ሻብዋ ዳርቻ አሻጋሪዎቹ ፖሊስ የመጣ መስሏቸው 120 ያህል ልጆችን ወደ ባሕር ገፍትረው ጣሉ፤ የልጆቹ አማካይ ዕድሜ 16 ነበር። ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ጎዶሪያ በተባለው የኦቦክ ዳርቻ ሁለት ጀልባ ተገልብጦ ከ50 በላይ ሞቱ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. 200 ሰው ከያዘ ጀልባ ላይ 80 ያህሉን ጀልባው ከበደ ብለው ወረወሯቸው። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. 260 ሰው የጫነ ጀልባ ሰጠመ፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት የት እንደደረሱ አልታወቀም።

በእነዚህ ዜናዎች ውስጥ እምብዛም የማይታይ ነገር አለ። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎዶሪያ አጠገብ የሞቱት 38 ሰዎች ወደ የመን አልነበረም የሚሄዱት፤ ከየመን ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነበር። በሁለት ሳምንቱ እዚያው የተገለበጠው ጀልባም ከየመን የሚመለስ ነበር። መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በጅቡቲው ኮር አንጋር ዳርቻ ላይ ከሁለት ጀልባ ባሕር ውስጥ እንዲዘሉ የተገደዱት 310 ሰዎችም ተመላሾች ነበሩ፤ ከ40 በላይ ሞቱ። ጦርነትና እስራት ያንገፈገፈው፣ ለአጋቾች ቤዛ ከፍሎ የወጣ ልጅ፣ አገሬ እገባለሁ ብሎ አገሩ አፋፍ ላይ ሰጠመ። «ወርቅ ፍለጋ ሄዶ» እያሉ ለሚፈርዱ ይህች ዝርዝር በቂ መልስ ትመስለኛለች።

ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብየን የሆነውን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። የመጀመሪያው ዜና 68 ሰዎች ሞቱ አለ። ቆይቶ ቁጥሩ ከ90 አለፈ። የተሳፈሩት ስንት ነበሩ? 157 ያለ አለ፤ 200 ያለም አለ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት አርባ ምናምን ሰዎች የሞቱም የተረፉም አይደሉም፤ ከነጭራሹ ተሳፍረው ይሁን አይሁን አይታወቅም። ይህን ከሎንድር መርከብ ጋር አስተያዩት። በ1924 ዓ.ም. እያንዳንዱ አዳኝ መርከብ ስንት ሰው እንዳነሣ እስከ ዛሬ ይታወቃል፤ 93 ዓመት አልፎ፣ ሳተላይትና ስልክ ባለበት ዘመን፣ የጀልባው ተሳፋሪ ብዛት እንኳ ግምት ነው።

ሥዕል ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው የዜና ወኪሎች የሚያወጡት ነው፤ አሸዋ ላይ የተሸፈነ አስከሬን፣ ጓንት ያደረገ ወታደር፣ ጉድጓድ። ፊት የለበትም፤ ለክብር ተብሎ የተደረገ ነው፣ ትክክልም ነው፤ ግን እናት ልጇን አትለይበትም። ሁለተኛው በስልክ የሚመጣው ነው። የመን ውስጥ ያገቱት ሰዎች ልጁን እየደበደቡ ቀርጸው ለቤተሰቡ ይልካሉ፤ ብሩ እንዲላክ። በዚያው ስልክ ቲክቶክ ላይ ደግሞ ማዶ የደረሱ ልጆች ጀልባው ላይ ሲዘፍኑ፣ ሳዑዲ መኪና ተደግፈው ሲሥቁ ይታያሉ። የሰመጠ ሰው ቪዲዮ አይለቅምና የባሕሩ ታሪክ በሙሉ የሚነገረው በተሻገሩት አፍ ነው። ሦስተኛው የማስጠንቀቂያ ፖስተር ነው፤ ማዕበል፣ ዘንበል ያለች ጀልባ፣ የተዘረጋ እጅ። በእኔ ግምት ከሦስቱ ደካማው ይኸኛው ነው። ልጁ ባሕሩ እንደሚገድል ያውቃል፤ ከሰፈሩ ማን እንደቀረ ከፖስተሩ ሠሪ ይልቅ እሱ በስም ይጠራል። ፖስተሩ ማንንም አይመስልም፤ ማንንም የማይመስል ሥዕል ደግሞ የሚያስደነግጠው የለም።

የተሻለ ምሳሌ ከጣሊያን አለ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ከሊቢያ የተነሣ አንድ ያረጀ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ብዙ መቶ ስደተኞች ይዞ ሰጠመ። ጣሊያን መርከቡን በዓመቱ ከባሕር ወለል አስወጣችው፤ የሚላኖዋ የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ክርስቲና ካታኔዮና ባልደረቦቿ ሟቾቹን አንድ በአንድ መመርመር ያዙ። ከማሊ የመጣ የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ጃኬት ውስጥ የተሰፋ ወረቀት ተገኘ፤ የትምህርት ቤት ውጤት ካርዱ ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ ማኮክስ የሚባል ጣሊያናዊ የጋዜጣ ሠዓሊ ልጁን ከባሕር ሥር ካርዱን ለባሕር ፍጥረታት ሲያሳይ ሳለው፤ ሥዕሉም ብዙ አገር ዞረ። ልብ በሉ፤ ማኮክስም እንደ ሽቶቨር አላየም። ግን ሐኪሟ ያገኘችው አንድ ወረቀት ነበረው። ያው መርከብ እ.ኤ.አ. በ2019 በቬኒስ የኪነ ጥበብ ትርኢት ላይ ለእይታ ቆሞ፣ ሰው አጠገቡ ቡና እየጠጣ ፎቶ ሲነሣበት ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳው ተገቢ ነው። ያ ሁሉ ብረት ያላደረገውን አንድ የተሰፋ ካርድ አድርጎታል።

ወረቀት የሌለበት ቦታ ላይ የሚቀረው የተረፈው ሰው ቃል ነው። እዚህ ላይ ወደ ቲታኒክ አንዴ ልመለስ። ጃክ ቴየር የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ተርፎ «ካርፓቲያ» በተባለችው አዳኝ መርከብ ላይ ሳለ፣ መርከቧ ለሁለት ስትሰበር አይቻለሁ አለ። እዚያው የነበረ ስኪድሞር የሚባል መንገደኛ የልጁን ቃል እየሰማ ደረጃ በደረጃ ነደፈው። ንድፉ በዝርዝሩ ስህተት አለው፤ ዋናው ነገር ግን ልክ ነበር። የእንግሊዝም የአሜሪካም መርማሪዎች መርከቧ ሳትሰበር ነው የሰጠመችው ብለው ደመደሙ፤ የዓለም ዐይንም የሽቶቨርን ውብ ስህተት ያዘ። ልጁ ትክክል እንደነበረ የታወቀው ከ73 ዓመት በኋላ ነው። ቢያንስ ግን ቃሉን የነደፈለት ሰው አግኝቶ ነበር።

ከኦቦክ ተርፎ የተመለሰ ልጅ በዞኑ ወረዳዎች ሁሉ አለ። ብዙ ተጠይቋል፤ ለደላላ ስንት ከፈልክ፣ ለምን ሄድክ፣ ደግመህ ትሄዳለህ ወይ። የስደት ፍሰት መከታተያ መጠይቆች ዓላማቸው ብዛትና አቅጣጫ ማወቅ ስለሆነ ስም አይጠይቁም። ለእናቲቱ የሚበጀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ አጠገብህ ማን ተቀምጦ ነበር፣ ከየትኛው ቀበሌ ነኝ አለህ፣ ጀልባው ሲገለበጥ በየት በኩል ነበር፣ ዋና ይችል ነበር ወይ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የጠፉ ዘመዶችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው፤ ፍለጋው ግን የሚጀምረው ቤተሰቡ ልጁን ጠፋ ብሎ ሲያመለክት ነው። ልጁ የሄደው በሕገ ወጥ መንገድ ነው ብሎ የሚፈራ፣ ደላላውም ዘመድ የሆነበት ቤተሰብ ደጁን አያንኳኳም።

ይህ ሁሉ የሐዘን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕግም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 154 መሠረት ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት ያለፈውን ሰው መጥፋት ፍርድ ቤት እንዲያውጅ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጠየቅ ይችላል። በሸሪዓው ደግሞ ጠፍቶ የቀረ ባል የሚጠበቅበት ጊዜ የራሱ ክርክር አለው፤ ከኸሊፋ ዑመር የተወሰደው የአራት ዓመት ፍርድ ከታወቁት አንዱ ነው። ሚስቲቱ ታግባ አታግባ፣ መሬቱ ይከፈል አይከፈል የሚወሰነው በዚህ ነው። ሶላቱም እንዲሁ ነው። በባሕር የሰመጠ ሙስሊም ከሸሂዶች ይቆጠራል፤ አስከሬኑ ለሌለ ሰው ደግሞ ሶላተል ጋኢብ አለ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሆነው የሰገዱለት ሟች የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ነበር። የነጃሺ አገር ሰው ይህን ሶላት አሳምሮ ያውቀዋል። ለመስገድ ግን መሞቱን ማወቅ ያስፈልጋል። እናቲቱ «ልጄ እስር ቤት ይሆናል» ስትል፣ ኢማሙ ምን ብሎ ይቁም?

ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። ቀበሌው ደብተር አለው፤ መስጊዱ ጀመዓ አለው፤ ዕድሩ ጸሐፊ አለው። ተመላሹ ልጅ ሲመጣ የሚቀበለው አንድ ጸሐፊ፣ ስኪድሞር ከቴየር ጋር እንደተቀመጠ አብሮት ተቀምጦ፣ ቀኑን፣ የተነሡበትን ዳርቻ፣ የተሳፋሪዎቹን ስም ወይም ቅጽል ስም፣ የለበሱትን ልብስ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደነበረ ቢጽፍ በቂ መነሻ ይሆናል። ስሙ ተጣሞ ይጻፍ ይሆናል፤ የሊባኖሶቹም ተጣሞ ነበር። የባቲ ልጅ የነገረው ከጅሌ ጥሙጋ ልጅ ቃል ጋር ሲገናኝ አንድ ጀልባ ላይ የነበሩ ስድስት ሰባት ሰዎች ይታወቃሉ። የመሳል ፍላጎት ያለው ሠዓሊም ያን ጊዜ የሚስለው ነገር ያገኛል።